ማንም እንዳይነካው

ተማሪዎቹ የኮምፒውተሮቹን የስክሪን ፎቶ በየቀኑ እየቀያየሩ የአይሲቲ መምህሩን አንጀት አሳረሩ። አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ዋለና ደህና ነው ያለውን ኮምፒውተር መርጦ፣ በእሱ ላይ ያለውን እንዳለ ወደ ሌሎቹ ገልብጦ ሁሉንም ቆለፋቸው።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ከእንግዲህ እንደ ልባችሁ ነካኩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ እኔ ወደቆለፍኩት ይመለሳል። የይለፍ ቃሉን እንዳትሰርቁኝ የጻፍኩበትን ወረቀት አቃጥያለሁ። አሁን እኔም ብሆን መክፈት አልችልም።»

ተማሪዎቹ ገብተው በየኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ።

ርዕሰ መምህርቷ ከክፍለ ከተማ የመጡ እንግዶችን ይዛ ስትገባ ያንኑ በኩራት ደገመላቸው። እሱ ሲናገር ተማሪዎቹ እጃቸውን ከኪቦርዱ አንስተው ቁጭ አሉ። ብዙም ሳይቆይ፣ ያልተነኩት ስክሪኖች ሁሉ ጨለሙና አንድ ዓይነት ፎቶ አወጡ። ፎቶው ላይ መምህሩ ክፍል ውስጥ፣ ተማሪ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«ያጥፉት» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

አንዱን አጥፍቶ አበራው። ፎቶው የለም። እፎይ ብሎ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«ቲቸር» አለች ከፊት የተቀመጠችው ተማሪ፣ እጇን እንዳጣጠፈች፤ «ሳይነኩ ትንሽ ይጠብቁት፤ ይመለሳል። የቆለፉት ከነፎቶው ነው።»