በማለዳ የተከናነቡ

ዓለምፀሐይ በሩን ደጋግማ መታች። «ሞገስ! ተነስ እንጂ፣ እኛ ነን!» ከኋላዋ ካሳሁንና ሁለት ጓደኞቻቸው ቆመዋል። የሸዋ ሮቢት ቢንቢ ጎህ ሲቀድ ይብስበታልና ሁሉም ነጠላና ጋቢ ተከናንበዋል።

አራቱም የድህረ ምረቃ ሁለተኛ ዓመት ናቸው፤ ሞገስ ገና አንደኛ ዓመት። አምና እሷ ለመመረቂያ ጥናቷ የዘራችው ማሽላ መሃል ተቀምጣ ስታነባ፣ የቀደሟት ተማሪዎች ናቸው አባብለው፣ አጉርሰው ያቆሟት። ዘንድሮ ተራው የእሷ ነው። ትናንት የሞገስ አከራይ እትዬ ብዙነሽ «ያ ልጅ እህል ካፉ ከገባ ሰነበተ፤ ሻንጣውንም ሸክፏል» አሏት። ወደ ደብረ ሲና የሚወጣው አውቶቡስ ደግሞ በጠዋት ነው የሚነሳው። ሞገስ ተሳፍሮ ሳያመልጣቸው ብለው ፍርፍር በሳህን ይዘው ገሰገሱ።

በሩ ተከፈተ። ሞገስ አንድ በአንድ አያቸው፤ ጋቢያቸውንም፣ በቅጡ ያልነጋውን ሰማይም።

«ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ታደሰ! ጦር ሜዳ ቀረህ!» መሬት ላይ ተዘረረ። ደረቱን ይደቃል።

ዓለምፀሐይ ክው አለች። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። በማለዳ፣ ተከናንቦ፣ ተሰብስቦ ሰው ቤት የሚመጣ መርዶ ነጋሪ እንጂ ማን ነው! ምን ነካኝ፣ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! ደግሞስ ወንድም አለው እንዴ? ጦር ሜዳ? ከመስከረም ጀምሮ የጠየቁት ስለ ማሽላው ብቻ ነው።

«ማንም አልሞተም! ማርያምን!» ካሳሁን ትከሻውን ይዞ ይነቀንቀዋል። «ብላ ልንልህ ነው የመጣነው!»

«ማርያምን?»

«ማርያምን!» አለች ዓለምፀሐይም።

ትንፋሹ ሳይመለስ ከጓሮ ሌላ ጩኸት ተነሳ። እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ፀጉራቸውን እየነጩ ወጡ። «ልጄን! ለእኔም ነው የመጣችሁት! ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶ፣ እኔስ ልቤ ነግሮኝ ነበር!»

«እትዬ፣ ኧረ ማንም አልሞተም!»

እትዬ ብዙነሽ ቀጥ አሉ። «ልጄም?»

ዓይናቸውን ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው አዟዟሩ።

«እስቲ ለእኔም ማርያምን በሉኝ።»

ዓለምፀሐይ «ማር...» ብላ አቋረጠችው። አሁን ለሞገስ እንደዚያ ስትምል ምን አውቃ ነበር? ሞገስም ያንኑ እያሰበ ኖሮ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

እሱ ነው ቀድሞ የተነሳው። የአሮጊቷን እጅ ይዞ ደፉ ላይ አስቀመጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እኔም አላውቅም፣ እትዬ» አላቸው። «አብረን እንጠብቃለን።»

ከአስፋልቱ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ሞገስ ከሳህኑ አፈር ያልነካውን መርጦ አጎረሳቸው።