የሐዘን ፈቃድ

የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ደምሰው፣ ልጁ ትህትና ጌም ተጫውታ ስታለቅስ ቢያያት ሳቀባት።

«ለስክሪን ውሻም ይለቀሳል እንዴ?»

«እስቲ አንተ ሞክረው፣ አባዬ» አለችው።

ሊያሳያት ብሎ ጀመረ። በጨዋታው አንድ መንገደኛ በረሃ ያቋርጣል፤ አሮጌ ውሻ ከኋላው ኩስ ኩስ እያለ ይከተለዋል። ከዚያ ወዲያ ደምሰው ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ስክሪኑ ፊት ይደቀን ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት፣ መንገደኛው ወንዝ ሲሻገር ውሻውን ጎርፍ ወሰደው። ደምሰው እህል አልወርድልህ አለው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ደውሎ «ሐዘን ላይ ነኝ» አለና የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደ።

ማክሰኞ የቢሮው ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱት ተሰብስበው መጡ። ሳቅ የማያውቁት አለቃው ወይዘሮ አልጋነሽ አጠገቡ ተቀመጡና፣ «ማን ነው ያረፈብህ?» ብለው ጠየቁት።

መዋሸት አቃተው። «ውሻ ነው» አለ በሹክሹክታ፣ አንገቱን ደፍቶ። «የጌም ውሻ።»

ወይዘሮ አልጋነሽ ሰው እንዳይሰማቸው ዙሪያውን ቃኘት አደረጉ። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «ወንዙ ጋ?» አሉት።

«አዎ።»

«አምና አክስቴ ሞታ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ የቀረሁት እኮ ለእሱው ነው።»