በበዓል ፎቶ ጭማሪ የተከለከሉት አያ ትዕዛዙ

«ፈረስ የሚጋልብ ሰው ምን ጭማሪ ያስፈልገዋል?»

እንጅባራ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው... ለመታወቂያ ጉዳይ ወረፋ ይዤ ጆሮዬ ወደዚያ ሄደ።

ተናጋሪው ምንይችል ይባላል፤ የድጋፍ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው።

ፊቱ የቆሙት አያ ትዕዛዙ ናቸው... ሰባን ያለፉ፣ በወርሃዊ ድጋፍ የሚኖሩ ሽማግሌ።

ድጋፉ በየዓመቱ ይጨመርላቸው ነበር። ዘንድሮ ግን አዲስ አሠራር መጣ... ንብረት ያለው ሰው የድሮውን እየወሰደ ይቀጥላል እንጂ ጭማሪ አያገኝም።

ገበያው ግን ይህን አሠራር የሰማ አይመስልም... እሱ ለሁሉም እኩል ይጨምራል!

«ልጄ፣ ፈረስ የለኝም» አሉ አያ ትዕዛዙ። «ባለቤቴ እንቁ ደም ግፊት አለባት። መድኃኒቷ ተወዶ አቃተኝ። ካቋረጠችው ትወድቅብኛለች... ጭማሪውን የምፈልገው ለሷ ነው።»

ምንይችል ስልኩን አወጣ።

በጥር፣ በፈረሰኞች በዓል የተነሣ ፎቶ... አያ ትዕዛዙ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ባጌጠ ዳማ ፈረስ ላይ ጉብ ብለዋል።

«ይኸስ? አህያ ነው?»

ከወረፋው አንዳንዱ ሳቀ። ምኑ እንደሚያስቅ እንጃ!

ኧረ ወገን... አዊ ተወልዶ ይህን የማያውቅ አለ? ባለፈረሱ ሲታመም ፈረሱ ከበዓል እንዳይቀር ለወዳጅ ይሰጣል። የጋለበ ሁሉ ባለፈረስ ነው ያለው ማነው?!

«የእርስዎ ካልሆነ የማን ነው ታዲያ?» አለ ምንይችል።

«አላወቅኸውም?»

«እኔ በምን አውቀዋለሁ?»

«የአባትህ ነው።»

ምንይችል ፎቶውን መልሶ አየው... አያ ትዕዛዙ ቀጠሉ።

«ገብረ ማርያም ይህን ፈረስ ከገዛው ሦስት ዓመቱ ነው። አንተ ከዚያ ወዲህ ቤት መጥተህ አታውቅም። አሁን አልጋ ላይ ነው... 'ፈረሴ ከበዓል አይቅርብኝ' ብሎ ቢለምነኝ ነው የወጣሁበት። 'ልጄ ሥራ ይበዛበታል፣ መታመሜን አትንገሩት' ብሎ አስምሎን ነበር።»

ዘንገና እኮ ነው የአባቱ ቤት! በባጃጅ ቢኬድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚደረስበት!

ምንይችል አንገቱን ደፋ።

አሁንስ ያስተካክላል ብዬ ጠበቅሁ... እሱ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አያ ትዕዛዙ... የዘንድሮው ሲስተም ተዘግቷል። ለከርሞ ቅሬታ ያስገቡ።»

ለከርሞ! የእንቁ ግፊትም ለከርሞ ይቀጠር በሉኛ!

ደሜ ፈላ... ሽማግሌው ግን ዱላቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ።

«በል ልሂድ ልጄ። የምሳው ሰዓት ደርሷል፣ ከኔ ሌላ የሚያጎርሰው የለም።»

«ማንን?» አለ ምንይችል።

«አባትህን ነዋ።»

ትምህርቱ... የሰው ችግር በፎቶ አይመዘንም። ደንብ የያዘ ሰው ከመቁረጡ በፊት ደጅ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ፤ ያውም ከገዛ አባቱ ደጅ ይጀምር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ?

እናንተ በአያ ትዕዛዙ ቦታ ብትሆኑ፣ ከዚያ ቢሮ ወጥታችሁ የምንይችልን አባት ሄዳችሁ ታጎርሱ ነበር? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...