ወደ ኋላ የማያሳልፍ ዕቃ

መሐንዲሷ ለኳንተም ኮምፒውተር የምትሠራው ዕቃ የማይክሮዌቭ ሞገድን ወደ ፊት ብቻ ያሳልፋል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። አለቃዋ ጠዋት ጠዋት፣ "አሁንም አሳንሺው!" ይሏታል።

ዕቃው ጡጫ ያህል ሳለ እናቷ ሙሉ ሰው ነበረች። ሎሚ ሲያክል ግን የእናቷ እግር ከወንበሩ ተንጠልጥሎ ወለሉን አልነካ አለ።

"እርጅና ነው እማዬ" አለቻት፣ ሆዷ እያወቀ።

አተር ባከለ ዕለት እናቷን በመዳፏ ይዛ ሥራ ገባች።

"ልጄ፣ በሞቴ! ወደነበርኩበት መልሺኝ" አለች እናት በትንኝ ድምፅ።

አለቃዋ በበሩ ብቅ አሉ። "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዕድገትሽ ጸድቋል! አሁን ደግሞ የአሸዋ ቅንጣት ብታደርጊውስ?"

መሐንዲሷ እናቷን ማይክሮስኮፑ ሥር በጥንቃቄ አስቀመጠችና፣ "ምን ገዶኝ!" አለች።