ከሥሯ የሚገባ ሰው

ዜማው ውስጥ እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርሱ አባቷ የቫዮሊኑን ደጋን ከክሩ ላይ አነሳ። ኖሪን ብቻዋን ጥቂት ተጫውታ አቆመች።

«ምን ሆንክ?»

«እኔማ ምንም አልሆንኩም» አለ አባቷ ኮንዲ። «ዜማው ነው የሆነው። እንደገና!»

ከምሳ ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ነው፤ መጀመር፣ እዚያች ቦታ መድረስ፣ ማቆም። እሁድ የአያቷ የሚኪ መታሰቢያ ነው። በሸለቆው ውስጥ ቫዮሊን የያዘ ሁሉ በሰበካው አዳራሽ ይሰበሰባል። አባትና ልጅ የሟቹን ዜማ በአገራቸው በዶኒጎል ወግ ይጫወታሉ፤ አንዱ በቀጭኖቹ ክሮች ከላይ ይመራል፣ ሌላው ያንኑ ዜማ በወፍራሞቹ ክሮች ከሥር ይዞ ይከተላል። ከሥር የገባ ሰው የራሱ ሐሳብ አይኖረውም። ኖሪን ቫዮሊን ከያዘችበት ጊዜ ጀምሮ ከአባቷ ሥር ናት።

እንደገና ጀመሩ። ዜማው ወደ ላይ ወጥቶ በሚመለስበት ቦታ፣ አያቷ አራት አጫጭር ምት ይቆርጥ ነበር፤ አባቷም እንዲሁ። የኖሪን እጅ ግን እዚያ ሲደርስ እምቢ ይላታል። ደጋኗን አንዴ በረጅሙ ጎትታ፣ ትንሽ አንጠልጥላ፣ ዘግየት ብላ ትወርዳለች። ክፍሏን ዘግታ ብቻዋን ስትጫወት ያገኘቻት መታጠፊያ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል።

«ይኸው!» ኮንዲ ደጋኑን አነሳ። «ቁረጪ ነው የምልሽ! ጠ ጠ ጠ ጠ! አንቺ እንደ ላስቲክ ትጎትቺዋለሽ።»

«ጎትቼም በሰዓቱ እደርሳለሁ። አልዘገየሁም እኮ።»

«ዘገየሽ አላልኩም። የኛ አይደለም ነው ያልኩት።»

ፓኪ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ሳቀ። የእናቷ ወንድም ነው፤ መሰላል ሊዋስ መጥቶ ሻይና ዳቦ ይዞ ተጎልቷል። እግሩ ሥር የኮንዲ የበግ ውሻ ተኝቷል።

«የክሌር አገር በሽታ ነዋ» አለ። «እዚያ ስታስተምር ከረመች አይደል? ውሃው ውስጥ አለ ይላሉ።»

«አጎቴ፣ አንተ ዳቦህን ብላ።»

ኮንዲ ግን ነገሩን አነሳው። «እውነት ከክሌር ነው ያመጣሽው?» ድምፁ ለስለስ አለ፤ አዎ እንድትለው የፈለገ ይመስላል።

«አይደለም።»

«ከስላይጎ?»

«ከየትም አላመጣሁትም። የኔ ነው።»

«የኔ! ሰማህ ፓኪ? የኔ አለች!» አባቷ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «ከክሌር እንኳ ቢሆን አገር አለው። ሰው ሰምቶ የእነ እገሌ አገር ነው ይላል። ያንቺን የማን ነው ይበል?»

«የኖሪን ነው ይበላ! ምን ችግር አለው? አያቴስ እነዚያን አራት ምቶች ከማን ወሰዳቸው?»

«ከአባቱ።»

«አባቱስ? መቼም መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው አድርጎታል።»

«እሱን አላውቅም» አለ ኮንዲ። «አልነበርኩም።»

ፓኪ ሻዩ ትን አለው። ኖሪንን ግን አላሳቃትም። የራሷ ተማሪዎች ያሏት ሴት ናት፤ በዚህ ሸለቆ ግን ተጫውታ ስትጨርስ «ቁርጥ አባቷን!» ይሏታል፤ ማመስገናቸው ነው። እሷን አንድ ቀን እንኳ የሰማት የለም። እሁድም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያው ሊሆን ነው።

«በቃኝ» አለች፤ ቫዮሊኗን ሳጥኑ ውስጥ አጋደመች። «እሁድ ብቻህን ተጫወት። የሚከተልህ ጥላ ከፈለግህ መብራት ያበሩልሃል።»

«ቆይ!» ኮንዲ ወንበሩን ወደ እሷ ጎተተ። «ለምን እንደማይሆን ላሳይሽ። ነይ፣ ከላይ ሁኚ። ከሥር የምገባው እኔ ነኝ። ያገር ዜማ ማለት ሌላ ሰው ከሥር ሊገባበት የሚችል ዜማ ነው። ባንቺ መታጠፊያ ከሥርሽ የገባ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም። አሁን እንደ ሕፃን ስወላከፍ ታዪኛለሽ።»

ፓኪ ዳቦውን አስቀመጠ።

ኖሪን በንዴት ከወትሮው ፈጠን አድርጋ ጀመረች። የአባቷ ወፍራም ክር ከሥሯ ገባ፤ ከዚህ በፊት እዚያ ሰምታው አታውቅም። እየተጠጉ ሲመጡ፣ ለሰላም ብላ አራቱን ምት ልትቆርጥለት አሰበች። ከዚያ «የኔ!» እያለ ያሾፈባት ትዝ አላትና ደጋኗን እስከ ጫፉ ጎተተችው።

ወፍራሙ ክር አብሯት ተጎተተ። ስታንጠለጥል አንጠለጠለ፤ ዘግየት ብላ ስትወርድ በዚያችው ቅጽበት አብሯት ወረደ። ሰው ይህን በግምት አይከተልም። አጥንቶት ነው፤ ያውም ከተዘጋው በሯ ጀርባ ሆኖ እያዳመጠ፣ ብዙ ምሽት።

እስከ መጨረሻው ሄዱ። ኮንዲ ቀኝ እጁን ትክ ብሎ አየው፤ የገዛ ውሻው ጎረቤቱን ተከትሎ ሲሄድ ያየ ሰው ይመስላል። ጆሮው ቀልቷል።

«ኮንዲ…» አለ ፓኪ።

«አንተ ዝም በል!»

ኖሪን ጠበቀች። ጥሩ ነው እንዲላት አይደለም፤ ሰምቼዋለሁ ቢላት እንኳ ይበቃት ነበር። እሱ ግን ደጋን የሚታሽበትን ሙጫ አንስቶ፣ ምንም ያልጎደለውን ደጋን ይቀባ ጀመር። ንዴቷ ጭራሽ ባሰባት። ሲያውቀው ኖሯል፤ እያወቀ ነው ከምሳ ጀምሮ ሲያስቆማት የዋለው።

«አሁንም ልክ አይደለም» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል። «እንደገና!»

ጥርሷን ነክሳ ቫዮሊኗን አገጯ ሥር አስገባች፤ ከላይ እስኪጀምርላትም ጠበቀች። አልጀመረም። ዞር ብላ ስታየው ደጋኑ ወፍራሙ ክር ላይ ተቀምጦ እሷን ይጠብቃል።