የቮልሱ ባለቤት

«አንድ ላይ! አሁን!» አለ መካኒኩ እንዳለው። ገፋን። የቮልሱ የፊት ጎማዎች ደፉን ተሻገሩ፤ የኋለኞቹ እዚያው ቆሙ።

የኪራይ ክፍላችንን በር ለመኪናው መግቢያ አፍርሰን ያሰፋነው ትናንት ነው። ግድግዳው ሲወርድ፣ ተከራይተውት የነበሩት የሽንዲ ተማሪዎች በከሰል የጻፉት የጥናት ፕሮግራም አብሮ ወረደ። በግጭቱ ትምህርት ሲቋረጥ ልጆቹ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ፍራሻቸውን እንኳ አልወሰዱም። ፍራሹን አነሳሁ፣ ወለሉን ጠረግሁ፣ ከደጀኔ የዕቃ ሳጥን ያገኘሁትን ሁሉ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀልሁ። የትኛው የብሎን መፍቻ ቁልፍ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚሰቀል የነገረኝ እንዳለው ነው። ቡሬ ላይ የራሱ ጋራዥ ያለው ሰው ነው፤ ሙያውን ያስተማረው ደጀኔ ነው።

ደጀኔ ባሌ ነው። ቱታውን አልብሼው ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየናል። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መኪና ሲጠግን ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ይህን ቮልስ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ ጎትቶ አመጣው፤ ዶሮ ይፈለፈልበት ነበር። «አዲስ አድርጌው፣ አንቺን ከጎኔ አስቀምጬ ደምበጫ ደርሰን እንመለሳለን» ይለኝ ነበር። አንድ ብሎን ሳይፈታ ስትሮክ መታው። መንገዱ የተዘጋበት ሳምንት ነበርና ባሕር ዳር ያደረስነው በአምስተኛው ቀን ነው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተያዘ። ከሐምሌ ወዲህ፣ ይኸው ሰባት ወር፣ ከአፉ የሚወጣው «ውሃ»፣ «እሺ» እና «በቃ» ብቻ ነው።

«እጁ የሚያውቀውን ነገር አጠገቡ አድርጉለት፤ አንዳንዴ ይመለሳል» አለኝ ሐኪሙ። ምን እንደሚመለስ አልጠየቅሁም።

ከአስፋልቱ ማዶ ተኩስ ተሰማ። እንዳለው አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠ።

«የሩቅ ነው። ይግፉ፣ እትዬ።»

በሦስተኛው ግፊት ቮልሱ ገባ። እንዳለው ከኋላ በኩል ክሪክ አስገብቶ አነሳውና የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ገለባና የዶሮ ላባ ወለሉ ላይ ተራገፈ። የደጀኔን ወንበር ከነሰውየው እየጎተትሁ አስጠጋሁት። ሞተሩን አየ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

እንዳለው ጎንበስ ብሎ አንዱን ካንዴላ ለመፍታት ታገለ። ዝጓል። የቁልፉን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ እስኪያቃስት ጠመዘዘው።

«ተው!»

ሁለታችንም ዞርን። ማን እንደተናገረ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብን።

«አታስገድደው» አለ ደጀኔ። ቃሉ ከአፉ ጎበጥ ብሎ ነበር የሚወጣው፤ ግን ይወጣ ነበር። «ከነጥርሱ ትነቅለዋለህ። ናፍጣ አጠጣውና እስከ ነገ ተወው። አንተ እንዳለው፣ ስንቴ ነው የምነግርህ?»

እንዳለው ቁልፉን ጥሎ ተንበረከከ። «ጋሼ! ጋሼ፣ አወቁኝ!» እያለ የደጀኔን ጉልበት ይስማል፣ ያለቅሳል። እኔ እልል ልል አፌን ከፍቼ፣ በዚህ ተኩስ መሀል ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ዋጥሁት። ደጀኔ ግራ እጁን ዘርግቶ፣ ከግድግዳው ላይ አንዱን ቁልፍ ሳያይ አወረደ። አስራ ሦስት ቁጥር ነበር። በመዳፉ መዘነው። ከሞተሩ ላይ አንዱን ብሎን ነካ ነካ አደረገና፣ ትክክል መሆኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ተራዬን ጠበቅሁ። እንደ ድሮው «ሠርኬ» ብሎ ሲጠራኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት እያሰብሁ ነበር።

ደጀኔ ቀና ብሎ አየኝ። ነጠላዬን አየ፣ አቧራ የለበሰ ጫማዬን አየ። ወንበሩ ላይ እንደ መነሣት ቃጣው፤ ጎኑ እንቢ አለው።

«የመኪናው ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

እንዳለው ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ቀረ። «ጋሼ፣ እትዬ ሠርክአዲስ እኮ ናቸው!»

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ሠርክአዲስ» አለ ደጀኔ፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ።

እንዳለው ደግሞ ሊናገር ሲል በዐይኔ ከለከልሁት። ለካ ሰባት ወር ሙሉ ሳጥበው፣ ሳጎርሰው፣ ሳለብሰው፣ አንዲት የማያውቃት ሴት እጅ ላይ ወድቆ አፍሮ ነው ዝም ያለው።

«አዎ» አልሁት። «ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«ብዙ ሥራ አለበት። ቶሎ አይደርስልዎትም።»

«እጠብቃለሁ።»

«እንግዲያ እንይዘዋለን» አለና ለመሰናበት ግራ እጁን ዘረጋልኝ። መዳፉን ግሪስ ነክቶታል። እንዳያቆሽሸኝ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ እንደ ጋራዥ ሰው ወግ የእጁን አንጓ ሰጠኝ።

«በግራ ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

አንጓውን ያዝሁት። ሞቃት ነበር፤ የደም ሥሩ ይመታል። እንዳለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ልለቀው አልቻልሁም፤ ደጀኔም እስክለቀው ድረስ፣ ደንበኛ ላለማስቀየም፣ በትሕትና ጠበቀኝ።