የኔነሽ ለማን ትሰጥ?

አስቻለውና ታንጉት ሲፋቱ ላሙንም በሬውንም በሽማግሌ ተካፈሉ። የአሥራ አራት ዓመቷ የኔነሽ ግን ለሁለት አትከፈልም፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ቆሙ።

አስቻለው መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ተከራይቶ እህል ይነግዳል። ጠላ ሲቀምስ ድምፁ ከፍ ይላል፤ አገሩም በደግ አያነሣውም። ታንጉት ገጠር ቀርታለች። ሰንበቴዋን አታስታጉልም፣ ከጎረቤት ክፉ አትነጋገርም።

"ልጄን ሊድርብኝ ነው" አለች ለዳኛዋ።

ዳኛዋ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። እሷም ብትሆን በአሥራ ሦስት ዓመቷ በሠርጓ ዋዜማ ጠፍታ ነው የተማረችው።

የታንጉት ጎረቤት ወልደ ሰንበት ለምስክርነት ቀረበ። "አስቻለው ለልጂቱ ልብስ ሊያሰፋ ልኳን ሲያስለካ በዓይኔ አይቻለሁ" አለ።

ችሎት የገባው ሰው አጉረመረመ። በዚያ አገር አባት ለደረሰች ልጁ ልብስ የሚያሰፋው መቼ እንደሆነ ማንም አይጠፋውም።

"የተማሪ ልብስ ነው። ወደ ከተማ አዛውሬ ላስተምራት ብዬ ነው" አለ አስቻለው።

"በየካቲት?" አለች ዳኛዋ። "ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም መስሎኝ።"

አስቻለው ነገር አያውቅም፤ "ላስተምራት ብዬ ነው" ብሎ ያንኑ ደገመ።

የኔነሽም ተጠየቀች። መሬት መሬቱን እያየች፣ "ከአባቴ ጋር" አለች።

"እሱ አስጠንቷት ነው" አለች ታንጉት፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "ክብርት ዳኛ፣ እባክዎ ጾሙ ሳይገባ ይወስኑልኝ። ሁዳዴን ከሰው ተካስሼ መያዝ አልሻም።"

ይህን ሰምቶ ያልራራላት አልነበረም። ዳኛዋም ቀጠሮ አላበዛችም። ሐሙስ ዕለት፣ የኔነሽ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ አባቷ በየወሩ ቀለብ እንዲቆርጥላት፣ ያለ እናቷ ፈቃድም ወደ ከተማ እንዳይወስዳት ወሰነች። ከዚያ ከወንበሯ ወርዳ ልጂቱን አቀፈቻት።

"አይዞሽ፣ ከእንግዲህ የሚድርሽ የለም" አለቻት።

የኔነሽ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ዳኛዋም ደስታዋ መስሏት አብራት አለቀሰች።

እሑድ ረፋድ ላይ ታንጉት ደጃፏ ዳስ አስጥላ፣ የኔነሽን በእልልታ ለሚዜዎቹ አስረከበች።